ዛፍ ለበዛበት ግቢ የመዥገር መከላከያ፦ ለየትኛው ቤት የትኛው ይሻላል?

በሰሜን ሸዋ ዛፍ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ከአጥሩ ጥግ ባህር ዛፍ አይጠፋም፤ በአንኮበርና በደብረ ሲና በኩል ከወፍ ዋሻ ደን አጠገብ ለሚኖር ሰው ጽዱና ወይራው ከደጁ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ያለ ዛፍ ጥላ የቀኑ ሙቀት አያስቀምጥም። ዝናብ ጠብ ማለት ሲጀምር ከዛፉ ሥር ሳሩ ያድግና መዥገር በልጆች እግር፣ በውሻ ጆሮ፣ በላም ጡት ላይ መታየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ላስረጭ?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘብ ይባክናል፣ ንብ ያልቃል፣ አንዳንዴም ሰው ይመረዛል።

መዥገር ሩቅ ተጓዥ አይደለም። ከአጥር ማዶ ወደ ግቢ የሚገባው ብዙውን ጊዜ እንስሳ ተሸክሞት ነው። ደም የጠገበችው እንስት አተር አክላ ከእንስሳው ላይ ትወድቅና ከረገፈ ቅጠል ሥር ወይም ከድንጋይ ካብ ስንጥቅ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እንደ ዝርያዋ ከ2,000 እስከ 20,000 ሊደርስ ይችላል። እሷ እዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት እጮች 6 እግር ብቻ ያላቸው፣ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ደቃቃ ፍጥረታት ናቸው። ሳሩ ጫፍ ላይ ወጥተው የፊት እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ የሚያልፍ እንስሳ ወይም ሰው ሲነካቸው ይይዙታል። ስለዚህ ለበዓል ተገዝቶ ጥቂት ቀን ከዛፍ ሥር የታሰረ አንድ በግ፣ ከታረደ በኋላም ግቢውን ለወራት በመዥገር ሊያስቸግር ይችላል።

ምርጫዎን የሚወስነው ደግሞ የመዥገሩ ዓይነት ነው። ከብት ላይ የምትገኘው ሰማያዊ መዥገር የምትባለው ከእጭነት እስከ ጉልምስና ያለውን ዕድሜዋን በአንድ እንስሳ ላይ ታሳልፋለች፤ ይህም 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እርሷን ለማጥፋት ከብቱን ማከም በቂ ሊሆን ይችላል። ጀርባዋ በቀለም ያጌጠው ትልቋ መዥገር፣ ሳይንሳዊ ስሟ አምብሊዮማ ቫሪየጌተም፣ በሦስት እንስሳት ላይ ተፈራርቃ ስለምትኖር በየመሃሉ መሬት ላይ ትወርዳለች። የአፏ ርዝመት ጥልቅ ቁስል ስለሚያስከትል ላሟ አንድ ጡቷን ልታጣ ትችላለች። ቡናማው የውሻ መዥገር ሳር ላይ ከመቆየት ይልቅ የቤት ግድግዳ ስንጥቅና የውሻ ማደሪያ ይመርጣል። ሳር ማጨድም ሆነ ዛፍ ማስረጨት እርሱን አይነካውም።

በመንዝ ደጋ በበግ ጸጉር ውስጥ የሚርመሰመሰው ሁሉ ደግሞ መዥገር አይደለም። ክንፍ የሌላት የበግ ዝንብ አለች፤ ብዙ ሰው መዥገር ይላታል። አንስተው እግሯን ይቁጠሩ፦ የጎለመሰ መዥገር 8 እግር አለው፣ እርሷ 6 ብቻ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ በግ ላይ ስለምትኖር እርሷን ለማጥፋት ግቢ ማስረጨት ከንቱ ወጪ ነው፤ የሚታከመው በጉ ነው።

ከእንስሳቱ መጀመር

ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ያለው ቤተሰብ ካሉት አማራጮች ሁሉ ለወጪው ከፍተኛ ጥቅም የሚያገኘው እንስሳቱን በማከም ነው። መሬቱ ላይ የተበተነውን መዥገር አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ፣ ደም ሊጠጣ ራሱ በሚመጣበት ቦታ ላይ መጠበቅ ይሻላል። የታከመ ከብት በግቢው ሲዘዋወር መዥገሩን እየሰበሰበ ይገድለዋል።

ጥቂት ላም ላለው ሰው በእጅ መልቀም የሚናቅ አይደለም። ማለዳ ሲታለብ ጆሮ ውስጥ፣ ጅራት ሥር፣ ብብትና ጡት አካባቢ በጣት መዳሰስ፣ የተገኘውን ነቅሎ ነጭ ጋዝ ወዳለበት ቆርቆሮ መጣል። መሬት ላይ መጣል ግን እንቁላል መዝራት ነው። ይህ ዘዴ ጉድለቱ እጮቹን አለማግኘቱ ነው፤ የሚታየው ትልቁ ብቻ ነው።

በጀርባ በሚታዘል መርጫ የሚደረገው እጥበት በአካባቢው በብዛት የሚሠራበት ነው። ዳያዚኖንና አሚትራዝ የተባሉት የመዥገር መድኃኒቶች በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ይገኛሉ፤ ሁለቱን ሳይለዩ መግዛት ግን አደጋ አለው። 60 በመቶ ዳያዚኖን ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ይቀላቀላል፤ 12.5 በመቶ አሚትራዝ ደግሞ ለከብት በ1 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ነው። የአንዱን ልክ ለሌላው የወሰደ ሰው መርዙን እጥፍ ያደርጋል ወይም በግማሽ ያሳሳዋል። ሁልጊዜ የሚቀድመው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ጽሑፉ የተላጠ ወይም በሌላ ዕቃ የተገለበጠ መድኃኒት አይግዙ። የሚለካው በመርፌ ስሪንጅ ነው፤ በጠርሙስ ክዳን መገመት አይቻልም።

ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ካለዎት አሚትራዝን ከእነርሱ ያርቁ። የፈረስ አንጀት ሥራውን እንዲያቆም ያደርጋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ጋሪ ጎታች ፈረስና ላም በአንድ ግቢ በሚያድሩበት አገር ይህንን ሳይናገር አሚትራዝ የሚሸጥ ሰው ትልቅ ጥፋት ያጠፋል።

ዳያዚኖን በበኩሉ ለሰው ከባድ መርዝ ነው። ሲረጩ ውለው ምራቅ ከበዛ፣ ዓይን ካለቀሰ፣ የዓይን ብሌን ከጠበበ፣ ካስመለሰዎት ጊዜ ሳያጠፉ ጠርሙሱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ማርከሻው አትሮፒን ነው። ዶሮም ንብም በቀላሉ ይሞትበታል። ስለዚህ ሲረጩ ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይልበሱ፣ ዶሮዎቹን ይዝጉ። የተረፈውን በበሬሳም ሆነ በሌላ ወንዝ አይጠቡት፤ ፓይረትሮይድ በሚባለው ምድብ ያሉት መድኃኒቶችም፣ ለምሳሌ ከታች የሚመጣው ፍሉሜትሪን፣ ዓሣን ይፈጃሉ።

እጥበት ሳይሠራ ሲቀር ብዙ ሰው መድኃኒቱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአረጫጨቱ ነው። ጀርባውን ብቻ ርሶ ሆዱ የደረቀ ከብት አልታከመም። ለአንድ ጎልማሳ ከብት ከ5 ሊትር ያላነሰ ውኃ ያስፈልጋል፤ ጆሮው ውስጥ፣ ጅራቱ ሥር፣ በእግሮቹ መካከል መድረስ አለበት። ጸጉሩ የረዘመ የመንዝ በግ ላይ ርጭት ወደ ቆዳው ስለማይዘልቅ መዝፈቅ ወይም መጀመሪያ መሸለት ይሻላል። ደጋ ላይ ማለዳ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢደረግ እስከ ማታ ይደርቃል፤ አመሻሽ ላይ የራሰ በግ በውርጭ ሌሊት የሳንባ ምች ይይዘዋል።

በጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፍሉሜትሪን፣ ከእጥበት ይቀላል። ውኃ አይፈልግም፣ ሰው ብዙ አይነካውም፣ በክብደት ተለክቶ ከትከሻ እስከ ጅራት በአከርካሪው ላይ ይንጠባጠባል። ዋጋው ከፍ ይላል። ሁለት ሦስት የወተት ላም ብቻ ላለው፣ ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳና በግቢው ልጆች ለሚሮጡበት ቤት ግን ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

የአይቨርሜክቲን መርፌ ብዙ ሰው እንደ ሁለገብ መድኃኒት ያየዋል። ለእከክና ለሆድ ትል ጎበዝ ነው፤ ለሰማያዊ መዥገርም ይረዳል። ለትልቋ ባለ ቀለም መዥገር ግን ደካማ ነው፤ ወተቷ ለሚጠጣ ላምም አይሰጥም። ለመዥገር ብቻ ብሎ መርፌ ማስወጋት አይመከርም።

የትኛውንም ቢመርጡ ሁለት ነገር አይዘንጉ። የመጀመሪያው ድግግሞሹ ነው፦ በመዥገር ወቅት በየ3 ሳምንቱ ገደማ ካልተደገመ የተረፈው ይራባል። ሁለተኛው ደግሞ በተሳሳ ልክ ደጋግሞ መርጨት መዥገሩ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፤ ይህ በዓለም ዙሪያ በአሚትራዝም በፓይረትሮይዶችም ላይ የታየ ነው። መድኃኒት ሲቀይሩ የሚቀየረው የንጥረ ነገሩ ምድብ ነው፤ ሌላ ስም ያለው ያው ዓይነት መድኃኒት ለውጥ አያመጣም።

ከቆላ ገበያ የመጣ ከብትም ሆነ በግ ወደ ግቢ ሳይገባ ይታከም፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ሳር በሌለበት መሬት ለብቻው ይታሰር። ይህ ሥራ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚያስቀረው ችግር ግን የወራት ነው።

ግቢውን ማሰናዳት

እጭ የሚኖረው እርጥበትና ጥላ ባለበት ነው። ፀሐይና ደረቅ አየር ይገድለዋል። ስለዚህ ሳሩን በማጭድ ማሳጠር፣ የባህር ዛፉን ታችኛ ቅርንጫፍ መመልመል፣ የረገፈውን ቅጠል መጥረግ በራሱ ሕክምና ነው። ደስ የሚለው ይህንን የአካባቢው እናቶች ያለ ማንም ምክር ሲሠሩት ኖረዋል፤ ቅጠሉ ለምጣድ ይጠረጋል፣ ጭራሮው ይለቀማል። ማገዶ በጋዝና በኤሌክትሪክ በተተካባቸው አዳዲስ የደብረ ብርሃን ግቢዎች ቅጠሉ እየተከመረ መቅረቱ መዥገሩን ይጠቅመዋል። ማንም ካልጠረገው ቀጥሮ ማስጠረግ ከአንድ የርጭት ዋጋ ይረክሳል።

ዛፉ ከሚያልቅበትና ሰው ከሚቀመጥበት ቦታ መካከል አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጠጠር ወይም የደረቅ እንጨት ፍቅፋቂ መስመር ማድረግም ይረዳል። የማገዶ ክምርን ከቤት ግድግዳ ማራቅ፣ የልጆች መጫወቻን ፀሐይ ወዳለበት ማውጣት፣ የጎረቤት ከብት የሚገባበትን የአጥር ቀዳዳ መድፈን አብረው የሚሄዱ ናቸው። ዛፍ መቁረጥ ግን አያስፈልግም፤ ችግሩ ከዛፉ ሥር ያለው ሳርና ቅጠል ነው። በተለይ የአገር ጽድና ወይራ ያለው ሰው ለመዥገር ብሎ እንዳይቆርጥ እለምናለሁ።

ዶሮ መልቀቅ ደግሞ ይጠቅማል። ደም ጠግባ የወደቀችውን መዥገር ዶሮ ትለቅማለች፤ ከተኛ ከብት ላይም ትነቅላለች። ብቻዋን ግቢን አታጸዳም፤ መድኃኒት በተረጨ ማግሥትም እንዳትለቀቅ።

ውሻ ብቻ ላለው

ከተማ ውስጥ ከብት ለሌለው፣ ነገር ግን ጠባቂ ውሻ ላለው ቤት መዥገሩ ከውሻው ጋር ይኖራል። እዚህ ላይ ምርጫው ሦስት ነው፦ አንገት ላይ የሚታሰር መድኃኒት ያለው ቀበቶ፣ በጀርባ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ ፊፕሮኒል፣ በአፍ የሚሰጥ ክኒን። አፎክሶላነር የተባለው ክኒን ለአንድ ወር፣ ፍሉራላነር ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ይሠራል። ክኒኖቹ ውድ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይጠይቃል። አቅም ከፈቀደ ግን እነርሱን እመርጣለሁ፤ ዝናብ አያጥበውም፣ ውሻውን የሚያቅፍ ልጅም መድኃኒት አይነካም። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል፤ ሁለቱ አብረው በሚተኙበት ቤት አይግባ። ለከብት የተዘጋጀ መድኃኒት ቀንሶ ውሻ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ስንት ውሻ እንደገደለ የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል።

ከዚህ ጋር ማደሪያው መታከም አለበት። የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረግ፣ የሚተኛበት ጨርቅ በፈላ ውኃ ይታጠብ። ባለሙያ ጠርቶ ማስረጨት ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥቅና የወለል ጠርዝ በጠባብ ቦታ በጥንቃቄ የሚረጭ ስለሆነ።

መሬቱን በባለሙያ ማስረጨት

አሁን ሁሉም ሰው የሚጀምርበት ላይ ደረስን። ስለ ግቢ መዥገር የሚነበበው አብዛኛው ምክር የተጻፈው ለሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ የሚፈሩት ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ሌላ ዓይነት መዥገር ነው፤ ወደ ግቢ የምትገባውም በአይጥና በአጋዘን ነው። የእኛ ዋና አመላላሽ ከብት፣ በግና ውሻ ስለሆነ በእጃችን ያለ፣ ልናክመው የምንችል ነው። በእነርሱ አገር እንኳ የርጭት ውጤት የሚጠበቀውን ያህል አልሆነም። በኮነቲከት፣ በሜሪላንድና በኒው ዮርክ ከ2,700 በላይ ቤቶችን ይዞ የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት፣ ግቢያቸው አንድ ጊዜ ቢፈንትሪን በተባለ ፀረ ተባይ የተረጨላቸውን ሰዎች ውኃ ብቻ ከተረጨላቸው ጋር አነጻጽሯል። በግቢው ያለው መዥገር በ63 በመቶ ቀነሰ። ሰዎቹ ላይ የተገኘው መዥገርና የታመመው ሰው ቁጥር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ይህ ማለት ርጭት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እንስሳቱ ታክመው፣ ሳሩ ታጭዶ፣ አሁንም መዥገር ካለ ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው። ከመዋዋልዎ በፊት ግን እነዚህን ይጠይቁ፦ የሚረጨው ንጥረ ነገር ስሙ ማነው? በሕጉ መሠረት ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ወይም ስሙ የማይነገር መድኃኒት ይዞ የመጣን ሰው ከበር ይመልሱት። የት የት ይረጫል? መልሱ «ሁሉንም» ከሆነ ሥራውን አያውቀውም፤ የሚረጨው የዛፉ ጠርዝ፣ የካቡ ሥር፣ የበረቱ ዙሪያና የእግር መንገዱ ዳር ነው። የዛፍ አናት ላይ መዥገር አይጠብቅም። እንስሳትና ልጆች ለስንት ሰዓት ይራቁ? ቀፎ ካለስ ምን ያደርጋሉ? አበባ ላይ የማይረጭ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ የሚሠራ ሰው ይመረጣል። የጎመኑ መደብና የውኃ ጉድጓዱስ? ለዚህ ሁሉ መልስ የሌለው ባለሙያ፣ ዋጋው ቢቀንስም ውድ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሐምሌና በነሐሴ ማስረጨት መድኃኒቱ ሳይደርቅ በዝናብ እንዲታጠብ ማድረግ ነው። በልግ ካቆመ በኋላ ክረምቱ ሳይጠነክር፣ ወይም ከመስቀል ወዲህ ዝናቡ ሲያባራ ይሻላል፤ ሁልጊዜም ሳሩ ከታጨደ በኋላ።

ሥራውን መፈተሽ ቀላል ነው። ከርጭቱ በፊት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ በሳሩ ላይ ቀስ ብለው ይጎትቱና በየጥቂት እርምጃው ገልብጠው ይዩት፤ እጮቹ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ተሰብስበው ይወጣሉ። ከ10 ቀን በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። ልዩነት ከሌለ ገንዘብዎን ይጠይቁ። ትልቋ ባለ ቀለም መዥገር ግን እየሮጠች ወደ እንስሳ የምትሄድ እንጂ ሳር ላይ ብዙ የምትጠብቅ ስላልሆነች ጨርቁ አያሳይዎትም፤ ለእርሷ ከብቱን መፈተሽ ነው።

ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ ከገበያ ገዝቶ ራስ በራስ ግቢ መርጨትን ከአማራጭ አልቆጥረውም። የቁልቋል ደም፣ የትምባሆ ውኃና እንዶድ በባህል ይሠራባቸዋል፤ አንዳንዱ በእርግጥ መዥገር ይገድላል። ሆኖም የቁልቋል ደም ዓይን ያሳውራል፣ የትምባሆ ውኃም እንስሳውን ራሱን ይመርዛል። ልካቸው ስለማይታወቅ አልመክራቸውም።

እንግዲህ ለየትኛው ቤት?

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከብት የሌለው፣ ውሻ ያለው ቤት፦ ለውሻው ክኒን ወይም ቀበቶ፣ ለማደሪያው ማጽጃና አንድ ጊዜ የባለሙያ ርጭት። ግቢውን ማስረጨት አያስፈልገውም።

ከወፍ ዋሻ ጥግ በግና ላም ያለው ገበሬ፦ እጥበት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ቀን ቢሆን የተሻለ፤ በጋራ ግጦሽ አንዱ አክሞ ሌላው ከተወ ድካሙ ግማሽ ነው። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀን ቢያስተባብር መርጫውም መድኃኒቱም ይረክሳል። ደኑ ውስጥ መርጨት ፈጽሞ አይታሰብ።

ሸዋ ሮቢትና ቀወት በኩል ጫናው ከደጋው ይበልጣል፤ ከአፋር በኩል የሚመጣ ከብትም ብዙ ነው። እዚያ የወተት ላም ያለው ሰው በጀርባ የሚፈስሰውን መድኃኒት በመደበኛነት ይያዝ፣ አዲስ ከብት ለብቻ ማሰርን ደንብ ያድርግ፤ ይህም ተደርጎ ከቀጠለ የበረቱን ዙሪያ በባለሙያ ያስረጭ።

ከብትም ውሻም የሌለው፣ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በግ ከዛፍ ሥር የሚያስር ቤት ደግሞ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቢያስር ይበቃዋል።

የትኛውንም ቢመርጡ መዥገር ሰው ላይ መገኘቱ አይቀርም። ማታ ልጆችን ሲያጥቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ጉልበት ሥርና የጸጉር ሥር ይፈትሹ። የተጣበቀውን በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይዘው ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቅቤ፣ ነጭ ጋዝ ወይም እሳት አያስነኩት፣ በጣትም አይጨፍልቁት። ቦታውን በሳሙና ይጠቡ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ፣ በተነከሰውም ቦታ ጥቁር ቅርፊት ከታየ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ መዥገር ነክሶኝ ነበር ብለው ይናገሩ፤ ካልተነገረው ሐኪሙ ወባ ወይም ታይፎይድ ብቻ ሊፈልግ ይችላል፣ ከመዥገር ንክሻ የሚመጣው ይህ የትኩሳት በሽታ ግን ዶክሲሳይክሊን በተባለው መድኃኒት የሚድን ነው።